ቀዩ ቺት

ዘንድሮ ጥቁር ወጥቷል አሉ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ኮረዳ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን መጽሔት በጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር የለበሰች ፈረንጅ አሳየችኝ።

«እማማ ሥራነሽ፣ ልክ እንደዚህች አድርገው ይስፉልኝ። ለእህቴ ሠርግ ነው።»

«ለሠርግ?»

«ፋሽን ነው እኮ! ከላዩ ነጭ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ።» ያመጣችውን ጥቁር ጨርቅ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና፣ «ቀለሙ ግን አይለቅም አይደል? ነጠላዬን እንዳያበላሽብኝ» ብላ ጠየቀችኝ።

አልመለስኩላትም። ጥቁር እንደማልሰፋ ነግሬ ሰደድኳት፤ መጽሔቷን በብብቷ ሸጉጣ አኩርፋ ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ አሮጊቷ አበደች ሳይል አይቀርም፤ ይበል።

እዚህ ደብረ ማርቆስ መቀስ እንደጨበጥኩ ጸጉሬ ሸብቷል። የሴትን ልብስ ወቅት ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ አለ ብዬ አላምንም። በእኛ አገር ፋሽን በመጽሔት አይወጣም፤ በባሕረ ሐሳብ ነው የሚወጣው። ክረምት ሲገባ ወፍራምና አሮጌ፣ መስከረም ሲጠባ በእንዶድ የነጣ፣ ጥር ላይ አዲስ፣ ሁዳዴ ሲያዝ ደግሞ ጌጥ ሁሉ ወደ ሣጥኑ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ከወቅት ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ልብስ ግን አለ፤ ከል። ሰው የሞተባት ሴት ነጭ ጨርቋን በቅጠልና በጥቁር ጭቃ ቀቅላ ታጠቁረዋለች፣ ራሷን ትላጫለች፣ የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዘቅዝቃ ትለብሳለች። ያን ጊዜ ጥምቀትም ይሁን ፋሲካ ማንም ምን ነካሽ አይላትም። አፍ አውጥታ ሞተብኝ ማለት እንኳን አያስፈልጋትም።

እናቴ ይህን ወግ ያፈረሰችበት ዘመን ነበር። ስለዚያ ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ያሳፍረኛል።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ እንዳላማው ጫካ ከገባ ከርሟል። ከኋላው ብዙ ሰው ነበረው፤ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ «የእንዳላማው ጦር» እያሉ ሲያንሾካሹኩ እሰማና በሆዴ እኮራ ነበር። እኔና እናቴ ዘሪቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው ጎጇችን ቀርተናል። የእኛ ቤት ለምን እንዳልተቃጠለ ያኔ አልጠየቅኩም። የሌሎቹ አርበኞች ቤት ሲቃጠል የእኛ የተረፈው እናቴ ጎበዝ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ጣሊያን የሾመው የሰፈሩ ሹም ኃይለ ሚካኤል አባቴ አንድ ቀን ልጁን ሊያይ ይመጣል ብሎ እኛን እንደ ወጥመድ ነበር ያስቀመጠን። ወጥመድ የሚጠቅመው ደግሞ አዳኙ የሚጠብቀው አውሬ በሕይወት እስካለ ብቻ ነው።

እናቴ ለጌጥ ግድ ያልነበራት ሴት ናት። ቀጭን ቀይ ጥለት ያላት አንዲት ቀሚስ ነበረቻት፤ ለጥምቀትም እሷን፣ ለፋሲካም እሷን፣ ለሠርግም እሷን። የጓደኞቼ እናቶች ተኩለው፣ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ባለ ሰፊ ጥለታቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ እኔ የእናቴን አሮጌ ቀሚስ ላለማየት አንገቴን እሰብር ነበር። ማታ ስጸልይ ለአባቴ ጤና ከለመንኩ በኋላ እናቴ እንድታጌጥልኝ እለምን ነበር። እግዜር ሁለተኛውን ሰማኝ።

በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ እንጨት ሻጭ አህያውን እየነዳ ከደጃችን ቆመ። ድምፁን ስሰማ አወቅኩት፤ የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ወልደ ሩፋኤል ነው። ጺሙን ተላጭቶ፣ ቡትቶ ለብሶ ሌላ ሰው መስሏል። እናቴ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ በእንጨቱ ዋጋ ተከራከረችው፤ ከዚያ ሸክሙን አራግፎ ይዞ ገባ። እኔ አህያውን እንድጠብቅ ደጅ ቀረሁ። በበሩ ቀዳዳ ግን ዓይኔን ሰድጄ ነበር።

ከእንጨቱ መሐል ነጭ ነገር መዞ አወጣ። የአባቴ ኩታ! ያንን ኩታ ከመቶ መሐል እለየዋለሁ፤ ዳርና ዳሩ አረንጓዴና ቀይ ጥለት አለው። ጥጡን የፈተለችው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሽታዬ ናት። ክሯ ጠንካራና ትንሽ ወፈር ያለ ስለሆነ ዘመድ ሁሉ ይቀልድባት ነበር፤ እሷ ግን «ወንድሜ ይህን ለብሶ ይሸብታል» እያለች ትኩራራ ነበር።

እናቴ ኩታውን በሁለት እጇ ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ብዙ ቆየች። ወልደ ሩፋኤል እያንሾካሾከ ስለሚናገር የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው።

«ስሙ ይቆይልን፣ ዘሪቱ። ስሙ ከተነሣ ሰዉ ይበተናል።»

እናቴ ያለችው አልተሰማኝም።

«አምረሽ ታዪ» አላት። «ለጥምቀት ሰው ሁሉ ይይሽ። አደራ።»

«ሽታዬስ፣ አያ ወልደ ሩፋኤል? እህቱ አይደለችም?»

«ሽታዬማ ጨርሶ እንዳትሰማ። እሷ አንዴ ከጮኸች ማን ይመልሳታል?»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። አባቴ ኩታውን ልኮ እናቴን ለጥምቀት አጊጪ ብሏታል ማለት ነው! አክስቴ እንዳትሰማ የተባለውም ገብቶኛል፤ ሽታዬ ጌጥ የምትጠላ ኃይለኛ ሴት ናት፣ ከሰማች ትቆጣለች። በልጅ አእምሮዬ ሁሉንም ገጣጥሜ ጨረስኩ።

አባቴ የተቀበረው ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ቆላ ወርደው በሌላ ሰው ጋቢ ገንዘው ቀብረውት፣ ኩታውን ለሚስቱ ላኩላት።

ወልደ ሩፋኤል ሲወጣ እናቴ ዕቃ ቤት ገብታ በርበሬ መውቀጥ ጀመረች። ትወቅጣለች፣ ዓይኗ ይፈሳል፤ ትወቅጣለች፣ ዓይኗ ይፈሳል። ገብቼ አስነጠስኩና ሳቅኩባት። «ሂጂ ውጪ፣ ያቃጥልሻል» አለችኝ። የወቀጠችው በርበሬ ዓመት ይበቃን ነበር፤ በማግስቱም ወቀጠች። ለቅሶ ሲከለከል ሰበብ ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያወቅኩት እኔም ባል ከቀበርኩ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን የተቀቀለ ቅጠል ሸተተ። እናቴ እንስራ ውስጥ አንድ ነገር ነክራ ከድናው ነበር፤ ስጠይቃት «የከብት መድኃኒት ነው» አለችኝ። ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ሥር ጠቆሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት እንሶስላ ወቅጣ እጇንም እግሯንም ሞቀች፤ እኔንም አሞቀችኝ። እጃችንን በቅጠል ጠቅልለን ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንሶስላው የጥፍሯን ጥቁር እንዲሸፍን መሆኑን በምን ልወቀው?

ከገበያው አናት ላይ የአብዱልቃኒ ሱቅ ነበር። አብዱልቃኒ የጨርቅ ነጋዴም ሰፊም ነው። ጣሊያን መንገድ ካበጀ ወዲህ በካሚዮን የሚመጣው ቺት በየመደርደሪያው ተደርድሮ፣ እኔ ስገባ ዓይኔ የቱ ላይ እንደሚያርፍ ይጠፋበት ነበር። እናቴ አንድ ጥቅል በብብቷ ይዛ ገባች።

«ለጥምቀት ይሆናል መቼም፣ እመት ዘሪቱ» አለ አብዱልቃኒ። «ጥሩ ነጭ አለኝ፤ ጥለቱ ሰፋ ያለ።»

«ነጭ አይሆነኝም።»

«ለጥምቀት?»

«ያንን አውርድልኝ» አለች፤ ደማቁን ቀይ፣ ትልልቅ አበባ ያለበትን ቺት። «ወፈር ይላል አይደል? የውስጡን አያሳይም?»

አብዱልቃኒ ግራ ገብቶት ወደ ሚስቱ ወደ ሸምሲያ ተመለከተ። እናቴ ጥቅሉን ለሸምሲያ ሰጠቻትና፣ «ገበሩን ይኼን አድርጊልኝ» አለቻት። ሸምሲያ ዳር ዳሩን ገለጥ አድርጋ አየች። ወዲያው መልሳ ጠቀለለችው። እናቴን አየቻት፤ እናቴም አየቻት።

«በእጄ እሰፋዋለሁ» አለች ሸምሲያ በመጨረሻ። «የስፌት መኪና አይነካውም። ሌላም ሰው አይነካውም።»

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባችና በሻሿ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ቀናች፣ አልኩ በልቤ። እናቴ ያን የመሰለ ቺት በመግዛቷ ቀናችባት። ዛሬ እኔው ሰፊ ሆኜ ሳስበው ነጩ ለምን እንዳልሆናት ይገባኛል፤ ከነጭ ሥር ጥቁር ገበር ይታያል።

ከሱቁ ወጥተን በገበያው ስናልፍ ሹሙ ኃይለ ሚካኤል ከዘራውን እያወዛወዘ ይመጣል፤ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የጣሊያን አስካሪዎች ይከተሉታል። ይህ ሰው ውጊያ በተሰማ ማግሥት ገበያ አይቀርም። የሴቱን ራስ፣ የሴቱን ነጠላ እያየ ይዞራል። እኔ ሴት የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚፈልገው ሐዘንተኛ ነው። እናቴ ገና ከሩቅ ስታየው ቆመችና ወደ እኔ ዞረች፤ በጥድፊያ የለበስኩት ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። ክንዴን ይዛ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፈፈችና ጥለቱን ወደ ታች መልሳ አለበሰችኝ። የቆነጠጠችኝ ቦታ ለቀናት አሞኛል።

«ዘሪቱ!» አለ ሹሙ። እጇን፣ እንሶስላዋን፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባዋን እያየ። «አምሮብሻል እኮ። ባልሽ መጣ እንዴ?»

«እርስዎ ከሰሙ ይንገሩኝ እንጂ ጌታዬ» አለች እናቴ፤ ሳቀችም። ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች።

እሱም ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ከኋላችን ጩኸት ሆነ። ራሷን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ጎመን እየሸጠች ነበር፤ አስካሪዎቹ ከመደቧ አንሥተው እየጎተቱ ወሰዷት። ጎመኑ ተረገጠ። «ምን ሰርቃ ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ። በማግስቱ ከሩቅ መንደር ጭስ ታየ። እኔ ግን ያን ቀን መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ሹሙ እናቴን ወዷታል፣ እሷም ስቃለታለች፣ አባቴስ ቢሰማ?

ደስታዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻከረ።

የጥምቀት ጠዋት እናቴ ቺቷን ከሣጥን አወጣች። በራሷ ላይ ስታጠልቀው ውስጡን አየሁ፤ ጥቁር፣ ጨለማ የመሰለ ጨርቅ፣ በደቃቅ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተያይዟል።

«እማዬ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ገበር ነው። ብርድ ይከለክላል።»

እንዲህ ያለ ውብ ቺት ላዩን አሳምሮ ውስጡን ቡትቶ ማድረግ! ሰው ቢያይብንስ? አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲነፍስ የቀሚሷን ዳር እያየሁ ጨነቀኝ።

ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ስንደርስ ደግሞ የባሰው መጣ። ሴቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። እናቴ መሐላቸው ስትገባ በጥጥ ላይ የወደቀች በርበሬ መሰለች። እልልታው ከአጠገባችን ቀዘቀዘ። አንዷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ፈቀቅ አለች፤ ሌላዋ «የጣሊያን አበባ» አለች። የእናቴን እጅ ይዤ ነበር።

አክስቴ ሽታዬ ያን ጊዜ መጣች። ከደብረ ወርቅ በኩል ተነሥታ፣ የወንድሟን ወሬ ለመስማት መንገድ ሰንብታ ነው የደረሰችው። ወንድሜ ዱር እያደረ ጌጥ አልነካም ብላ ስለማለች በበዓሉም አሮጌ ቀሚሷን ነው የለበሰችው። እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ!» ብላ ጮኸች። «ወይ ጉድ! ወንድሜ ድንጋይ ተንተርሶ ያድራል፣ ሚስቱ አበባ ለብሳ ታብባለች! ለማን ነው፣ ዘሪቱ? ንገሪኛ፣ ለማን ነው?»

ሰዉ ዞረ። ሹሙ ኃይለ ሚካኤልም ከሰው መሐል አንገቱን ብቅ አድርጎ ያዳምጣል። እናቴ እሱን አየችው። አክስቴን አየቻት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ እዚያ ያለው ሴት ሁሉ እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። ቤታችን ግን በማግስቱ አመድ ይሆናል፣ እኛም ወደ እስር፤ ቆላ ያሉት ሰዎችም አለቃቸው መሞቱን ሲሰሙ በየቤታቸው ይበተናሉ።

«ገና ልጅ ነኝ እኮ፣ ሽታዬ» አለች እናቴ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ለሌለ ሰው ብዬ ምን ልሁን? ልጥቆር?»

አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ተፉ። እኔም ያን ጊዜ የእናቴን እጅ ለቀቅኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ መዳፌ በራሱ ተፈታ። እናቴ ባዶ እጇን ለትንሽ ጊዜ እንደተዘረጋ ተወችው።

«ልጃችንን ስጪኝ» አለች አክስቴ። «ከአንቺ ጋር አታድግም።»

«ውሰጃት።»

እንዲህ በፍጥነት ነው ያለችው። ሳታቅማማ። ከእኔ ልትገላገል ስትጠብቅ የኖረች ነው የመሰለኝ፤ ሹሙን ልታገባ እኔ ዕንቅፋት ሆኜባት። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ መንገዱን ሁሉ ይህንን እያሰብኩ አለቀስኩ። ዛሬ እኔም ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ። ከወጥመድ ውስጥ ልጇን የምታወጣበት በር ድንገት የተከፈተላት እናት ምን ያህል መፍጠን እንዳለባት አውቃለሁ።

በአክስቴ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ኖርኩ። የእናቴ ስም ሲነሣ ሰው ዝም ይላል፤ እኔም ማን ነሽ ሲሉኝ «የእንዳላማው ልጅ» ብቻ እላለሁ። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው ወሬ ሁሉ አንድ ነበር። ዘሪቱ ለመስቀል ያንኑ ቺት ለብሳ ታየች፣ ዘሪቱ በሁዳዴ እንኳን አላወለቀችውም። በጾም ቀይ! አክስቴ ይህን ስትሰማ ታማትባለች። የአባቴ ጦር ግን አልተበተነም። ወልደ ሩፋኤል በአባቴ ስም እያዘዘ፣ በአባቴ ስም እየላከ፣ አባቴን በሕይወት አቆይቶት ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ የሄደው በሁዳዴው መጨረሻ ነው። ፋሲካውና ነጻነቱ ተከታትለው መጡ። አክስቴ በደስታ እብድ ሆነች። ስእለቷን ፈትታ አዲስ ነጭ ቀሚስ አሠራች፤ ለእኔም የመጀመሪያዬን ባለ ሰፊ ጥለት አሠራችልኝ። «አባትሽ ሲገባ እንደዚህ ሆነሽ ይይሽ» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ የምንሄደው ቀሚሳችን አቧራ እንዳይነካው ወደ ላይ እየሰበሰብን ነው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አርበኞቹ ጎፈሯቸውን አበጥረው ገብተዋል፤ ፉከራው፣ እልልታው፣ ሁሉም ነጭ። ሹሙ ኃይለ ሚካኤል ሳይቀር ነጭ ለብሶ ከፊት ቆሞ ያጨበጭባል። እኔና አክስቴ በየፊቱ አባቴን እንፈልጋለን።

ሰዉ ከመሐል ተከፈለ። እናቴ መጣች።

ራሷን ተላጭታለች። የነጠላዋ ጥለት ወደ ላይ ተዘቅዝቋል። የለበሰችው ጥቁር ነው፤ በፋሲካ፣ በዚያ ሁሉ ነጭ መሐል፣ ጥቁር። ስትራመድ ከሥሩ ቀይ አበባ ብልጭ ይላል። ቺቷን ገልብጣ ነው የለበሰችው።

እኔ የተሰማኝን ልናገር? ዛሬም አዋረደችኝ፣ ነው ያልኩት። ሰው ነጭ ሲለብስ ቀይ፣ ሰው ሲደሰት ጥቁር። እንደ ሰው እናት ወቅት የማታውቅ!

«እሰይ!» አለች አክስቴ እየጮኸች። «ጣሊያኑ ሲሄድባት ከል ለበሰችለት!»

እናቴ አልተቆጣችም። ቀጥ ብላ መጥታ አክስቴ ፊት ቆመች፤ እንድትታይ ብቻ። አክስቴ ልታዋርዳት የቀሚሷን ዳር ያዘች፤ ይዛም ቀረች። ጣቶቿ ጨርቁን አሸት አሸት አደረጉት። ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ክር። የራሷ ፈትል። ዳሩ ላይ አረንጓዴውና ቀዩ ጥለት ከጥቁሩ ሥር ሆኖ እንኳን ይለያል። ከዚያ መቀነቱ የሚያርፍበትን አየች፤ ጥቁሩ በላብ ብዛት ነጥቶ አመድ መስሏል። ብብቱ ሥር ሳስቷል፣ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። የትናንት ከል ድቅድቅ ያለ ነው። ይህ ግን ክረምትና በጋ ተለብሶ ያረጀ ነው።

«መቼ?» አለች አክስቴ። «መቼ ነው፣ ዘሪትዬ?»

«ከዚያ ጥምቀት በፊት።»

ወልደ ሩፋኤል ከአርበኞቹ መሐል ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አክስቴ እናቴ እግር ሥር ወደቀች። ከሁለት ዓመት በላይ የቆየው ጩኸት ያን ጊዜ ወጣ፤ እውነትም ማንም አልመለሰውም። በአዲሱ ነጭ ቀሚሷ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኚያ የተፉት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። የፋሲካው ግቢ ለቅሶ ቤት ሆነ።

እናቴ ግን ወደ እኔ ነበር የምታየው። ጠጋ አለች። እጇን ልትዘረጋ ስትል ወደ ቀሚሴ ተመለከተች፤ ነጭ ነው፣ አዲስ ነው፣ ጥለቱ ሰፊ ነው። እኔም ወደ እሷ ተመለከትኩ። አባቴ መሞቱ ገና አልገባኝም፤ የገባኝ የተላጨው ራሷና ያ ያረጀ ጥቁር ነው። እግሬ ወደ ኋላ ሊል ሲያመነታ አይታዋለች።

«አትጠጊኝ፣ ልጄ» አለችኝ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ነጭሽን ያበላሽብሻል። ከሉ ይለቃል።»

ባለሁበት ቆምኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የማልጠጋበት ምክንያት ተሰጠኝ።

ማክሰኞ ዕለት ያች ኮረዳ ጥቁሩ ይለቅ እንደሆነ ስትጠይቀኝ መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። ስንትና ስንት ጨርቅ ነክሬያለሁ፤ ስንቱን አጥቤያለሁ። ከሁለት ዓመት በላይ በላብና በእንዶድ የታሸ ከል የሚለቀውን ሁሉ ለቆ ጨርሷል። በነጭ ላይ ቢያሹት ቅንጣት አይነካውም።

እናቴም ይህን ታውቅ ነበር።